ከመቶው እኔ የትኛው ነኝ?

ሥራዬ ጥገና ነው። ቡሬ ውስጥ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ቫልቭና ማጣሪያ ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ማጣሪያ ሲደፈን ምን ይደረጋል ብሎ ለሚጠይቀኝ ዓይኔን ሳላሽ እመልሳለሁ፤ መስመሩን ትዘጋለህ፣ ግፊቱን ታስተነፍሳለህ፣ ብሎኑን ትፈታለህ፣ ቆሻሻውን አራግፈህ መልሰህ ትገጥማለህ። ሙያው በሙሉ የቆመው «ትዘጋለህ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ፋብሪካው ሁለት ሰዓት ቢቆም ሥራ አስኪያጁ ይቆጣል እንጂ የሚሞት ሰው የለም።

የሰው አንገት አይዘጋም። ይህን ያወቅሁት በ2011 ዓ.ም. ከአገር ርቄ፣ ከወፍራም መስታወት ማዶ ቆሜ፣ አባቴ በጀርባቸው ተኝተው እያየኋቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። «አጥፍተሃል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ እሱን ብዙ ሰው ጠይቆልኛል፣ ብዙ ሰውም «አላጠፋህም» ብሎ መልሶልኛል። የእኔው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ሳያጠፋ ባለዕዳ ይሆናል ወይ?

አባቴ የሰከላ ገበሬ ናቸው። ቤታችን ከግሽ ዓባይ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ ገብስ፣ ድንች፣ ከቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ። አንድ ቀን የጎረቤት ተዝካር ላይ ተቀምጠው ሳለ የጠላው ዋንጫ ከቀኝ እጃቸው ሾልኮ ወደቀ። «ምነው?» ሲሏቸው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልወጣም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰ። አንዱ ምች ነው አለ፣ አንዷ ለከፋ ነው አለች፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ተሰጣቸው። እሳቸው ራሳቸው «ጌሾው በዝቶበት ነው» ብለው ሳቁበት። በአሥረኛው ቀን ደገማቸው። ያኔ እናቴ ደወለችልኝ።

ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። አንገታቸው በአልትራሳውንድ ታየ፣ ሲቲ ስካን ተነሡ። በግራ አንገታቸው በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳ ሰማንያ በመቶ ጠቧል ተባለ። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሲስልልኝ እኔ የታየኝ በማሞቂያ ቧንቧ ውስጥ የሚጋገረው ኖራ ነው። የሚያሰጋው መጥበቡ ብቻ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ከተጋገረው ስብና ኖራ እየተፈረፈረ ወደ ላይ የሚሄደው ነው ዋናው። ፍርፋሪው ትንሽ ከሆነ ዋንጫ ያስጥላል፣ ትልቅ ከሆነ ሰው ይጥላል።

አገራችን ይህን በሽታ ታውቀዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ለዓመታት በስትሮክ አካላቸውም አንደበታቸውም ተይዞ ነበር፤ አገሪቱ ንጉሥ እያላት የንጉሥ ቃል አጣች። በዚያ ዘመን የሚደረግ ነገር አልነበረም። የሚደረግ ነገር በሌለበት ደግሞ «ለምን አደረግህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሚደረገው ነገር የመጣው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቨርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም ቀጭን ቱቦ በክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ገዛ ልቡ ድረስ ገፋው፤ አለቆቹ እብድ ነው አሉት፣ ኋላ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1953 ማይክል ደበኪ ሂዩስተን ውስጥ የአንገት ደም ቅዳ በቢላ ከፍቶ ጠረገ። በ1977 አንድሪያስ ግሩንትዚክ ዙሪክ ላይ የልብ ደም ቅዳን በጥቃቅን ፊኛ አሰፋ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ መንገድ ተገናኘና አንገትን ሳይቀዱ፣ ከብሽሽት ገብቶ፣ በሽቦ እየመሩ አንገት ድረስ ወጥቶ፣ የጠበበውን ስፍራ በፊኛ አስፍቶ ስቴንት የሚባለውን የብረት መረብ ማስቀመጥ ተቻለ። መረቡ የሚሠራበት ብረት የኒኬልና የቲታንየም ቅይጥ ነው፤ ቅርጹን ያስታውሳል። አጣጥፈህ በቱቦ ውስጥ ትሸጉጠዋለህ፣ የሰው ገላ ውስጥ ሲለቀቅ የድሮ ቅርጹን አስታውሶ ይከፈታል። ይህ ብረት የተገኘው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ነው፤ ለሚሳይል አፍንጫ የሚሆን ብረት ሲፈልጉ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሰፈር ናት፣ ለአባቴ ሕክምና አብዛኛውን ገንዘብ የላከው ወንድሜም የሚኖረው እዚያው አካባቢ ነው። ነገሩ ከጉዳያችን ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ግን ሳነበው ገረመኝ።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው መድኃኒት ብቻ መውሰድ ነው። በ1991 በሰሜን አሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ እንደ አባቴ ምልክት ባሳዩና ከሰባ በመቶ በላይ በጠበበባቸው ሰዎች ላይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ከመቶው 26ቱን በዚያው ወገን ስትሮክ እንደመታቸው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ግን 9ኙን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። የዛሬ መድኃኒት ከዚያን ጊዜው ይሻላልና ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ ቢሆንም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደኅና ቦታ እንዳልሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና፣ ሦስተኛው ስቴንት ነው። ሁለቱን ያወዳደረው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት በ2010 ወጣ፤ 2502 ሰዎች ነበሩበት። በሕክምናው ሰሞን ስትሮክ የመታቸው በስቴንቱ በኩል 4.1 በመቶ፣ በቀዶው በኩል 2.3 በመቶ ናቸው። የልብ ድካም የመታቸው ደግሞ በተገላቢጦሽ፣ በስቴንቱ 1.1፣ በቀዶው 2.3። ማለትም አንዱ አንጎልህን፣ ሌላው ልብህን ትንሽ ይበልጥ ያስፈራራል። የአባቴ ልብ ደካማ ነበር። ስቴንት ይሻላቸዋል ተባለ።

የባሕር ዛፉ ደን ተሸጠ፣ ጥንድ በሬ ተሸጠ፣ የቀረውን ወንድሜ ላከ። ሕንድ አገር ሄድን። ከመሄዳችን በፊት አባቴ የግሽ ዓባይን ጠበል በሃይላንድ ሞልተው ያዙ። እኔ ሻንጣ ውስጥ አስገቡት ብል እምቢ አሉ፣ ከእጄ አይለይም ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ያዙት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ተወሰደባቸው። ፈታሿ ልጅ «ይቅርታ አባቴ፣ ፈሳሽ አይፈቀድም» አለቻቸው፤ እሷም የጨነቃት ትመስል ነበር። ምንም አላሉም።

አሁን ወደ ማታው ልምጣ። ሕክምናው ሊደረግ አንድ ሌሊት ሲቀረው ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ። በእንግሊዝኛ አስረዳኝ፤ በትዕግሥት፣ ምንም ሳይደብቅ። ደም ቅዳው ሊሰነጠቅ እንደሚችል፣ ደም ሊረጋ እንደሚችል፣ መሣሪያው ሊይዝ እንደሚችል፣ ከመቶ ሰው አራት ያህሉን ልንከላከለው የመጣነው ያው ስትሮክ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወይም በማግሥቱ እንደሚመታቸው ነገረኝ። እኔ ለአባቴ ተረጎምሁ። አሳጠርሁት፣ ግን አራቱን ከመቶው አልደበቅሁም።

አባቴ አዳመጡና «ከመቶው እኔ የትኛው ነኝ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ የሐኪሙ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር፤ ሐኪሙም ምናልባት «ይህን ማወቅ አይቻልም» ይል ነበር፣ አባቴም ያንን ሰምተው ይወስኑ ነበር። አልተረጎምሁትም። ደክሞኝ ነበር፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ በሬው ተሸጧል። «አባባ፣ እርስዎ ከዘጠና ስድስቱ ነዎት» አልኋቸው።

«አንተ ካልህ ይሁን» አሉና በቀኝ አውራ ጣታቸው ፈረሙ።

በማግሥቱ ነገሩ ሲጀመር ሁሉም ደኅና ነበር። አያደነዝዙም፤ ብሽሽቱን ብቻ አደንዝዘው ሰውዬው ነቅቶ ነው የሚሠሩት፣ እያናገሩት አንጎሉን ለመከታተል። አስተርጓሚ ያስፈልግ ስለነበር ከመስታወቱ ማዶ ማይክሮፎን አጠገብ አቆሙኝ። ሽቦው ከብሽሽታቸው ተነሥቶ በትልቁ ደም ቅዳ በኩል ወደ አንገታቸው ሲወጣ በስክሪኑ ይታየኛል። መጀመሪያ ከጠበበው ስፍራ ወዲያ፣ ወደ አንጎል በኩል፣ ማጣሪያ ዘረጉ፤ ትንሽ ጃንጥላ ነው፣ ቀዳዳዎቹ የፀጉር ውፍረት ያህላሉ። ሥራው የሚፈረፈረውን መልቀም ነው። ከዚያ ፊኛውን ነፉ። የአንገት ደም ቅዳ ሲለጠጥ ልብን የሚያዘገይ ነርቭ እዚያ አለና የልባቸው ምት ወረደ፤ መድኃኒት ሰጧቸው፣ ተመለሰ። ስቴንቱ ገባ፣ ተከፈተ። በስክሪኑ ላይ ያ የጠበበው ስፍራ ሲሰፋ አየሁ፤ እውነቴን ነው፣ ልቤ ጮቤ ረገጠ። የኖራ ቧንቧ የጠረገ ሰው ያውቀዋል ያንን ደስታ።

የቀረው ማጣሪያውን አጥፎ ማውጣት ብቻ ነበር። የሚያወጣው ቱቦ በተከፈተው ስቴንት ውስጥ አልፎ መሄድ አለበት። የስቴንቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ያዘው። ገፉት፣ አልሄደም። መለሱት፣ አዞሩት፣ እንደገና ገፉት። አንገቱ እዚያ ጋ ትንሽ ይታጠፋል፣ የስቴንቱ አንዷ ጥርስ ወደ ውስጥ ገብታለች። አገራችን «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ትላለች፤ እኔ ግን ቆመውም ቸግሯቸው አየሁ። ማጣሪያው እየለቀመ እየሞላ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ ራሱ ደሙን ይዘጋል። ልብ በሉ፣ የሚያድነው ዕቃ ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር ነው መዝጊያ የሚሆነው።

ሐኪሙ ወደ መስታወቱ ዞሮ አንገታቸውን ወደ ቀኝ እንዲያዞሩ ንገራቸው አለኝ።

«አባባ፣ አንገትዎን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዙሩ።»

«እሺ ልጄ።»

አልሆነም። ወደ ግራ። አልሆነም። በረዥሙ ይተንፍሱ፣ ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ። «እሺ» አሉ፤ «ልጄ» ቀረች። በሌላ፣ ጫፉ በታጠፈ ቱቦ ሞከሩ። «አባባ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ይዋጡ» አልሁ። የመለሱልኝ ድምፅ ቃል አልነበረም።

ቱቦው ያን ጊዜ አለፈ። ማጣሪያው ወጣ። ጨርቅ ላይ ሲዘረግፉት ጤፍ የሚያካክሉ ቢጫ ፍርፋሪዎች ነበሩበት፤ ያዘው የያዘውን። ያልያዘው፣ ወይም እዚያ በቆመው ደም ውስጥ የረጋው፣ ወደ ላይ ሄዷል።

አባቴ ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም። አንደበታቸው ግን እንግዳ ነገር ሆኗል። ግራ ጎኑ የተመታ አንጎል ሰው አስቦ የሚናገረውን ሲያጣ፣ በልማድ የተቀመጠው ግን ይቀራል ብለውኛል። አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳይስቱ ይደግማሉ። ከአንድ እስከ መቶ ይቆጥራሉ። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ዋላችሁ» ይላሉ። ውኃ ሲጠማቸው «ውኃ» ማለት አይችሉም።

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው። «እግዜር ያመጣው ቢሆን እችለው ነበር፣ ሰው ያመጣው ነው የከበደኝ» አለች። ወዲያው ደግሞ «አንተን ማለቴ አይደለም» አለች። ወንድሜ ከአሜሪካ በስልክ ቁጥር ይቆጥርልኛል፤ ሳይታከሙ ቢቀሩስ ከመቶ ሃያ ስድስት፣ ታክመው ከመቶ አራት፣ ትክክለኛውን ነው የመረጥነው፣ ውጤቱ ሌላ ምርጫው ሌላ ይላል። ትክክል ነው። ዛሬ ደግሜ ብመርጥ ያንኑ እመርጣለሁ። ግን የወንድሜ ሒሳብ የእናቴን ነገር አይነካውም። ከሃያ ስድስቱ አንዱ ሆነው ቤታቸው፣ ድንች እየቆፈሩ፣ ቢወድቁ ኖሮ እኔ አለቅስ ነበር፤ ግን ለምን አለቀስህ የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ይሆን ነበር። ቅድም ያዙልኝ ያልኋት ነገር ይቺ ናት። የምኒልክ ዘመን ሰው ያለቅሳል እንጂ «ምን አድርጌ ነው?» አይልም። እኛ የሚደረግ ነገር ስናገኝ፣ አብሮት ተጠያቂነትም አገኘን። ሳይነኩት የመጣ ስትሮክና በሽቦ መንገድ የመጣ ስትሮክ በሲቲ ስካን ላይ አንድ ናቸው። በሰው ልብ ውስጥ አንድ አይደሉም። ይህ ድንቁርና ነው የሚሉ አሉ፤ አይመስለኝም።

መሣሪያውን ልወንጅል ሞክሬያለሁ። ሐኪሙም ላብ አጥምቆት ሲወጣ መጀመሪያ ያለኝ «የመሣሪያ ችግር ነው» የሚል ነበር። ሙያዬ ነውና እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ስቴንቱ አልተሰበረም፤ ሊከፈት ተሠራ፣ ተከፈተ። ማጣሪያው አልተቀደደም፤ ሊለቅም ተሠራ፣ ለቀመ። ጥገና ቤት የኖረ ሰው ያውቃል፦ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከተበላሸ ዕቃ አይደለም፣ ሁለት ደኅና ዕቃዎች ከሚገናኙበት ስፍራ ነው። ፓምፑ ደኅና፣ ቧንቧው ደኅና፣ መገጣጠሚያው ያንጠባጥባል። ፓምፑን የሸጠው «የእኔ ዕቃ ደኅና ነው» ይላል፣ ቧንቧውን የሸጠውም እንዲሁ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ውኃው ግን ወለል ላይ ነው።

እና ያንን ካየሁ በኋላ ወደ ማታው ተመለስሁ። ሐኪሙ እውነቱን ነው የተናገረ። አባቴም ልጃቸውን ማመናቸው ደግ ነገር ነው። ሁለት ደኅና ነገሮች። መገጣጠሚያው እኔ ነበርሁ። አንድ ጥያቄ በእኔ በኩል ማለፍ ነበረበት፣ እኔ ጋ ቀረ።

ይህ ጥፋት ነው? ጥፋት ነው ካልን፣ ጥፋቱ ስትሮኩን አላመጣም። ጥያቄውን ብተረጉመውም፣ ሐኪሙ «አላውቅም» ቢልም፣ አባቴ ምናልባት «ይሁን» ይሉ ነበር፤ ያቺ የስቴንት ጥርስም ያው ትይዝ ነበር። በርናርድ ዊልያምስ የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ያነሣል፤ ምንም ሳያጠፋ ሕፃን ገጨ። ሰው ሁሉ ያጽናናዋል፣ ማጽናናቱም ተገቢ ነው ይላል፤ ግን ሹፌሩ ቶሎ ተጽናንቶ «እውነታችሁን ነው፣ አላጠፋሁም» ብሎ ቢሄድ ደግሞ እንጠረጥረዋለን። የሹፌሩ ሐዘን የተመልካች ሐዘን አይደለም፤ እጁ ያለበት ሰው ሐዘን ነው። ሳነበው የተጻፈልኝ መሰለኝ።

ዊልያምስ ግን ነገሩን ስሜት ላይ ተወው። የእኛ አገር ሽማግሌ ከዚያ አልፎ ሄዷል። በእኛ አካባቢ ሹፌር ሳያስበው ሰው ቢገድል፣ ፖሊስ መርምሮ ጥፋት የለብህም ቢለው እንኳ፣ ነገሩ እዚያ አያልቅም። ሽማግሌ ይላካል፣ ይለመናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ደሙ ይደርቃል፣ ባለደሙና ሹፌሩ አብረው ይበላሉ። አጥፍተሃል ስለተባለ አይደለም፤ እጅህ ስላለበት ነው። በጥፋተኛና በንጹሕ መካከል ሦስተኛ ወንበር አለ፤ ያላጠፋ ባለዕዳ የሚቀመጥበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሕክምና ውል ለብቻው፣ ስለ አደራ ለብቻው ይናገራል። ሽማግሌው ይህን ክፍፍል አያውቅም፣ ለእሱ የሰው ገላ በእጅህ ከገባ አደራ ነው። «አደራ በላ» ከሚል ስድብ የሚከፋ በእኛ ዘንድ ብዙ የለም።

አደራ ካልሁ ግሽ ዓባይን ሳልጠቅስ አላልፍም። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ታስረው ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ ይባላል፤ ከዓመታት በኋላ ተፈትተው ሲመለሱ ውኃው መጻሕፍቱን አንድ ፊደል ሳይርስ መልሶ ተፋቸው፣ የቦታውን ስምም ከዚያ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ከልጅነቴ የሰማሁት ነው። ልጅ ሳለሁ የሚገርመኝ አለመራሱ ነበር። አሁን የሚገርመኝ ቅዱሱ ውኃ ዳር ቆመው መጠየቃቸው ነው። አደራ የሰጠ ሰው ተመልሶ ይጠይቃል፤ ውኃውም ይመልሳል ወይም አይመልስም። በሁለቱ መካከል ንግግር አለ።

የእኔ ችግር እዚህ ላይ ነው። ዕዳ አለብኝ ብል፣ ዕዳውን የሚቀበለኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱ ሰው ደግሞ ቃል የለውም። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ምን በድለሃል ልጄ? አባትህን ለማዳን ነው የሄድህ» አሉኝ። ቀኖና የሚሰጡበት ኃጢአት አላገኙም። የሰፈራችንን ሽማግሌ አማከርሁ፤ «በአባትና በልጅ መካከል ሽማግሌ ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም በመጨረሻ አንድ ቀን ከደጅ፣ ከባሕር ዛፉ ጉቶ አጠገብ፣ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ስለዚያች ማታ ነገርኋቸው። ጥያቄዎን ለሐኪሙ አልተረጎምሁትም፣ ከዘጠና ስድስቱ ነዎት ያልሁት ከራሴ ነው አልኋቸው። የሰው ንግግር ይገባቸዋል፤ ሐኪሞቹም፣ እናቴም፣ እኔም እናውቃለን። ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። እስከ መጨረሻው።

እሱ መልስ ነበር ወይ? ጸሎቱ ውስጥ የይቅርታ ነገር አለ፤ እኔም ለብዙ ወር ያንን ይዤ ስጽናና ከረምሁ። ግን አባቴ ይህንኑ ጸሎት ዶሮ ጓሮ ስትገባም ይደግሙታል፤ የሚወጣላቸው እሱ ነውና። እውነቱን ለመናገር ከዶሮዋ የተለየ ምን እንዳገኘሁ አላውቅም። «ይቅር ብለውሃል» የሚሉኝ ሰዎች ቸር ናቸው፤ አባቴ ያላሉትን ግን በእሳቸው ፈንታ መናገር አልፈልግም። አንድ ጊዜ በእሳቸው ፈንታ ተናግሬያለሁ።

ስለዚህ የቀረኝ ሥራው ነው። ደሙ ስቴንቱ ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ፣ የኮሌስትሮልና የግፊትም አለ፤ አንዱን ሳምንት እንኳ ማቋረጥ አይገባም። ፍኖተ ሰላም ያለው ፋርማሲ አንዳንዴ ያልቅበታል፣ ያኔ ባሕር ዳር ድረስ አስልካለሁ። በየሁለተኛው ቅዳሜ ገበያተኛው ሲመለስ እኔ ወደ ላይ እወጣለሁ። ባለፈው ስደርስ አባቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እንዴት ዋላችሁ» አሉኝ፣ ብቻዬን ነኝ። እንክብሎቹን ከካርቶኑ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ ስዘረግፍ በግራ እጃቸው ጣት አንድ በአንድ እየነኩ መቁጠር ጀመሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አርባ ሁለት ነበር፤ አርባ ሁለት ላይ ሲደርሱ አላቆሙም፤ መቁጠሩን ቀጠሉ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እናቴ ከውስጥ ሆና «ድንቹ በስሏል፣ ኑ» አለችን።